የተቆረጠው አንጓ

«እኮ ‹የሕዝብ› ማለት የማን ነው? ቤቱን አሳየኝና ሄጄ እጅ ልንሣው።»

ስልኳን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርጋ ወደ እኔ አስጠጋችው። ቪዲዮው ቆሟል፤ ከላይ የተቀረጸው ጣና እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያበራል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ይላል። ከዚያ ዝቅ ብሎ «ተጨማሪ ግጥም» ይልና የእኔ ስም ይከተላል።

«አጻጻፉ እንዲህ ነው» አልሁ። «ባለቤቱ ካልታወቀ የሕዝብ ይባላል። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

«ካልታወቀ። አንተ አታውቅም?»

«አውቃለሁ።»

«ጠዋት ጠዋት በዚህ በረንዳ ስታልፍ ‹እንደምን አደሩ› የምትለው ማንን ነው? ሕዝብን?»

ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። አባባሏን ወስጄ ማስታወሻዬ ላይ እጽፈውም ነበር።

እሷ የአከራዬ ልጅ ናት። በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። ፋርማሲ ውስጥ ስለምትሠራ የሐኪም ጽሕፈት ማንበብ የለመደ ዓይኗን ደቃቅ ፊደል አያመልጠውም። እኔ ከደልጊ መጥቼ ከግቢያቸው ጓሮ ያለችውን አንዲት ክፍል ከተከራየሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ኮሌጅ ጀምሬ ተውሁ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ወጣሁ፤ ወደ ዘጌ ለሚሄዱ ጀልባዎች መንገደኛ ጠራሁ፤ አሁን አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ቁልፍ እሰጣለሁ። ግጥምን ብቻ አልተውሁም። ያስተማረኝ ሰው የለም። የተማርሁት ዘፈን በመስማት ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህን ዘፈን በመስማት።

እሑድ ረፋድ ነበር፤ የተቀመጥነው ሳሎናቸው ውስጥ ነው። አባቷ ከቤተ ክርስቲያን ገና አልተመለሱም። እኔ የምፈልገው ክርክሩ እሳቸው ሳይደርሱ እንዲያልቅ ብቻ ነበር።

ዘፈኑን በዚህ ከተማ የማያውቅ ሰው የለም። ባጃጅ ውስጥ፣ ጸጉር ቤት፣ ወደቡ ላይ ይሰማል። መጀመሪያው እንዲህ ነው፦

ጀልባሽ ራቀ ሄደ ቁንዝላ ሊያድር፣
እኔን ማን ያሻግረኝ ከዚህ ከባሕሩ ዳር።

የጻፉት አባቷ ናቸው፤ እኔ አባባ ነው የምላቸው። ያኔ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ሠራተኛና የፋብሪካው የኪነት ቡድን አባል ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ዘፈኑ ስንት ጊዜ እንደተዘፈነ እሳቸውም አያውቁም። እኔ አሥራ አንዱን ሰብስቤአለሁ፤ ስልኬ ላይ በዕድሜያቸው ተራ ተቀምጠዋል።

የመጀመሪያው በፋብሪካው አዳራሽ የተቀዳው ነው። ዘፋኙ የፈትል ክፍል ሠራተኛ ነበር። በደንብ ላዳመጠ ሰው ከድምፁ ጀርባ አንድ የማያቋርጥ ጉርምርምታ አለ፤ ማሽኖቹ ናቸው፤ ፈረቃው ሥራ አላቆመም ነበር። ከዚያ የካሴቱ ዘመን ይመጣል። አንድ የሌላ ከተማ ዘፋኝ ቁንዝላን አውጥቶ ጎርጎራን አስገባ፤ ጀልባዋ በአንድ ካሴት አቅጣጫዋን ቀየረች። ከዚያ የሆቴሉ ባንድ ቃሉን በሙሉ ጥሎ በሳክስፎን ብቻ ተጫወተው፤ ይህኛው እስከ ዛሬ እንግዳ መቀበያ ክፍሎች ውስጥ ይንቆረቆራል። የሠርግ ኦርጋን ተጫዋቾች «ጀልባሽ» የሚለውን «መኪናሽ» አሉት፤ ሰው ሙሽራ እየሸኘ ትከሻውን ይነቀንቅበታል። ባለማሲንቆዎች ቁንዝላ በነበረበት ቦታ የእንግዳውን አገር ያስገባሉ፤ ለእኔም አንድ ጊዜ ደልጊን አስገብተውልኛል፤ ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ ደስ ብሎኛል። ቅርብ ጊዜ ደግሞ አንዲት ልጅ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በጊታር ቀስ ብላ ዘፈነችው። ከአሥራ አንዱ ውስጥ ሰው እንደሄደባት ሆና የዘፈነች እሷ ብቻ ናት።

አባባ እነዚህን ሁሉ ሳሰማቸው ይስቁ ነበር። «ልጅ ከቤት ከወጣ በኋላ ልብሱን ማን እንደሚያጥብለት አይጠየቅም» ይላሉ። ስማቸው አለመጠራቱ ከልባቸው አያሳስባቸውም። የሚያሳስባት ልጃቸውን ነው።

«ትምህርት ቤት እያለሁ» አለች አሁን፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል፤ «ይህን ዘፈን አባቴ ነው የጻፈው ብዬ ተናግሬ ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ። መምህሩም ሳቀ። ‹የሕዝብ ዘፈን ነው፤ የአባትሽ አይደለም› አለኝ። ካሴቱን ይዤ መጥቼ አሳየሁት። ካሴቱም እንደዚያው ነበር የሚለው። አሁን ደግሞ አንተ፣ እዚሁ ግቢ ተቀምጠህ።»

«ጥፋት ነው» አልሁ። «ነገ አስተካክለዋለሁ። ስማቸው ይጻፋል፤ የእኔም ይነሣል።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እንዲህ ቶሎ?»

«አዎ።»

«አንተ በጨው ዋጋ እንኳ ግማሽ ቀን የምትከራከር ልጅ ነህ። በአንድ ቃል እሺ ካልህ ሌላ የደበቅኸው ነገር አለ።»

ነበር። ልጽፈው የተቀመጥሁትም እሱን ነው።

ከአሥራ አንዱ ቅጂ ሁሉ ጀርባ አንድ ነገር ነበር፤ ያየሁትም በራሴ ነው፤ ለዚህም ኮርቼበት ነበር። በመጀመሪያው ቅጂ ውስጥ ከሁለተኛው አንጓ በኋላ ሙዚቃው አንድ አንጓ የሚያህል ይሄዳል፤ ዘፋኙ ግን አይገባም። ብቻውን ጎልቶ የሚጫወት መሣሪያም የለም። ከበሮውና ጊታሩ ሰው እንደሚጠብቁ ሆነው ይቆያሉ፤ ከዚያ አዝማቹ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ ክፍተቱን እንዳለ ወርሰውታል። የሆቴሉ ባንድ ሳክስፎን ሞላበት። ሠርገኞቹ እልልታና እስክስታ ያስገቡበታል። ባለማሲንቆው ቀልድ ይናገርበታል። ባለጊታሯ ልጅ ዓይኗን ትጨፍንበታለች። ቦታው ለምን እንደተተወ የጠየቀ ግን የለም።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው በረንዳው ላይ ተቀምጠን አባባን ጠየቅኋቸው። ልጃቸው ሥራ ላይ ነበረች። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ያልሰሙኝ መስሎኝ ደገምሁት።

«ሰምቼሃለሁ» አሉ። «ሦስተኛ አንጓ ነበረው። በቅጂው ዕለት የኪነት ኃላፊው ቆረጠው። ሁለቱን አንጓዎች ‹የከተማና የገጠር ግንኙነት› ብሎ አሳልፎልን ነበር። ሦስተኛውን ሲሰማ ‹ይኼ ሰው ያስተክዛል፤ የተከዘ ሠራተኛ ክር ይበጥሳል› አለ። ልጆቹ ሙዚቃውን አጥንተው ስለነበር ማሳጠር አልቻሉም። እንዲሁ ባዶውን አለፉት።»

ከዚያ በዝቅተኛ ድምፅ አሉልኝ፦

ጠርተሽኝ ነበረ፣ ሰምቼ ዝም አልሁ፤
ጀልባው ከሄደ ነው ወደቡ የመጣሁ።

ስለ ፍቅረኛ መስሎኝ «ማን ነበረች?» አልኋቸው፤ ፈገግ ብዬ።

ፍቅረኛ አልነበረችም። ታላቅ እህታቸው ናት። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ያሳደገቻቸው እሷ ነበረች፤ ቁንዝላ ዓሣ አድርቃ እየሸጠች ባሕር ዳር አስተማረቻቸው። ፋብሪካ ተቀጥረው የኪነት ቡድን በገቡ ጊዜ አንድ ቀን ሳትልክባቸው በጀልባ መጣች። አገልግል ይዛ፣ ቅቤ ተቀብታ፣ በገጠር ቀሚሷ ፋብሪካው በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። እሳቸው ከቡድኑ ልጆች ጋር አዲሱን የመድረክ ልብስ ለብሰው ወጡ። ከመንገዱ ማዶ ሆና በስማቸው ጠራቻቸው።

«ሁለት ጊዜ» አሉኝ አባባ። «በልጅነቴ በምትጠራኝ ስም። አንዱ ጓደኛዬ ‹ማንን ነው የምትጠራው?› አለኝ። ‹እንጃ› አልሁት። ወሬዬን ቀጠልሁ። አገልግሉን ለዘበኛው ሰጥታው ሄደች። በማግስቱ ወደቡ ስደርስ ጀልባው ርቋል። በዚያው ክረምት ወባ ወሰዳት።»

ዝናቡ አባራ። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ልጄ አታውቅም። አክስቷን በወሬ ነው የምታውቃት፤ ‹አባቴን ያስተማረች› እያለች ታወራላታለች። ልነግራት ብዙ ጊዜ አስቤ አፌ እምቢ አለኝ። የንስሓ አባቴ ያውቃሉ፤ ቀኖናውንም ፈጽሜአለሁ። ነገር ግን እሱ በጆሮ የተነገረ ነው። እኔ የካድኋት በሰው ፊት ነው። ሰው ሁሉ ሲዘፍነው ቢሰማ ይቀለኝ ነበር። አንተ ከዘፋኞቹ ጋር ትውላለህ። እንደገና የሚዘፍነው ካገኘህ ይህን ስጠው። ስሜ አይጻፍ፤ ስሜን አልፈልግም። ቃሉ ብቻ እንዳለ ይሁን።»

«እንዳለ ይሆናል፣ አባባ» አልሁ። እንዲህ ነው ያልሁት።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ አቀናባሪ ጠራኝ። ስቱዲዮው ከአንድ ሕንጻ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን ተለብጧል። አንድ ብዙ ተከታይ ያለው ወጣት ዘፋኝ ያንን ዘፈን እንደገና ሊሠራው ነው፤ የሚለየው ነገር ግን ያስፈልጋል። «ክፍተቱ ላይ የሚገባ አዲስ አንጓ አለህ?» አለኝ። እነሱም ክፍተቱን አይተውታል ማለት ነው። እኔ ብቻ ያየሁት መስሎኝ ስለነበር ትንሽ ከፋኝ።

«አለኝ» አልሁ። «አለ» አላልሁም። ይህች የመጀመሪያዋ ጥፋቴ ነች።

አንጓውን አልሁላቸው። ዘፋኙ አንገቱን ነቀነቀ። አቀናባሪው ግን ወንበሩን አዞረና «ሰማሁ እያለ ዝም አለ እንዴ? ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለኝ።

«እንደዚህ ያለ ሰው» አልሁ።

«ወንድሜ፣ ይኼ ልጅ በሠርግ ወቅት ነው የሚለቀው። ሰው የሚወደው የተበደለን ነው። በዳዩን ማን አብሮ ይዘፍናል? አስተካክለውና ቅዳሜ እንግባ።»

«አይሆንም፤ እንዳለ ነው መዘፈን ያለበት» ልል እችል ነበር። ሌላ ገጣሚ ይፈልጉ ነበር፤ በቃ። ምንም አልሆንም ነበር። ግን ዕድሜዬን ሙሉ በዚያች ክፍል ውስጥ ለመግባት ስጠብቅ ነበር። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። ሻይ ቢቀርብልኝ ሳይበርድ እመለስ ነበር፤ ያን ያህል ፈጠነልኝ፦

ጠርተሽኝ ነበረ፣ ነፋስ ወሰደብኝ፤
ጀልባው ከሄደ ነው ወሬው የደረሰኝ።

የሚያሳፍረኝ መቀየሬ ብቻ አይደለም። ቤት ሲመታልኝ ደስ አለኝ። ደረጃው ላይ ብቻዬን ፈገግ ብያለሁ። አንድ አዛውንት ስንት ዓመት ተሸክመው የኖሩትን «ሰምቻለሁ» በነፋስ አሳብቤ ሰውዬውን ንጹሕ አደረግሁት፤ ያኔ ግን የታየኝ ቃሉ ከቃሉ ጋር መግጠሙ ብቻ ነበር።

«ግጥምና ዜማ የማን ልበል?» አለ አቀናባሪው። አባባ ስሜ አይጻፍ ስላሉ «የሕዝብ በለው» አልሁ። ከሥሩ «ተጨማሪ ግጥም» ብሎ የእኔን ስም ሲጽፍ ዓይኔ እያየ ዝም አልሁ። ዘፈኑ ከወጣ በኋላ ለሁለት ሳምንት አባባን በጓሮ በር እየዞርሁ ሸሸኋቸው። «ጠፋህ» ሲሉኝ «ሥራ በዝቶብኝ» እላለሁ።

ስለዚህ ልጃቸው እሑድ ረፋድ ጠርታኝ ስለ ስሙ ስትቆጣ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እፎይ አልሁ። የተቆጣችው በትንሹ ጥፋት ነበር። ስሙን እሳቸው ራሳቸው እንዳልፈለጉት ብነግራት ለምን ብላ ትጠይቃለች፤ ለምን ብላ ከጠየቀች እህትየው ትመጣለች። በትንሹ ጥፋት አንገቴን ደፍቼ ትልቁን ከኋላው ደበቅሁት። «ስማቸው ይጻፋል» ያልሁትም ለዚያ ነው፤ የለመኑኝን ሁለተኛውን ነገር ደግሞ ለማፍረስ ቃል እየገባሁ።

«ምን እንደሆነ ባላውቅም» አለች፤ «አባዬ ሲመጣ አብረን እንሰማዋለን። እሱ ገና አልሰማውም።»

«ዛሬ አይሁን፣ እታለሜ። ቆመው አስቀድሰው ነው የሚመጡት፤ ይረፉ።»

«ተቀምጦ ይሰማዋል።»

የውጭው በር ሲንኳኳ ሰማሁ። አባባ ጫማቸውን ደፉ ላይ አውልቀው ገቡና መቋሚያቸውን ከግድግዳው አስደገፉ። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«እሰይ፣ ዛሬስ ተገኘህ። ምነው ልጄ፣ ከባሕሩ ማዶ የሄድህ መሰለኝ።»

«እንዴት አረፈዱ አባባ። ልወጣ ስል ነው።»

«የት ነው የሚወጣው?» አለች ልጃቸው። «ዘፈንህን እንደገና ሠርተውታል፣ አባዬ። እሱም አለበት። ቁጭ በልና ስማው።»

አባባ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ውስጥ ያየሁትን እስከ ዛሬ መጻፍ አቅቶኛል። «ተዘፈነ?» አሉኝ። ቀስ ብለው ነው ያሉት፤ በእኔና በእሳቸው መካከል ብቻ እንዲሆን።

እሷ ስልኩን ነካችው።

መግቢያው ረዘመ፤ ዋሽንት አስገብተውበታል። አባባ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ ሰበሰቡ። የመጀመሪያውን አንጓ ሲሰሙ በጣታቸው ጉልበታቸውን መታ መታ ያደርጋሉ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። «ቁንዝላን መልሰውታል» አሉ፤ ደስ ብሏቸው። እኔ ምንጣፉን አያለሁ። ሁለተኛው አንጓ አለቀ። ክፍተቱ መጣ፤ ከበሮው ብቻውን ጥቂት ሄደ፤ ዘፋኙም ገባ።

ጣታቸው ቆመ።

አዝማቹ ሲመለስ «መልሺው» አሉ።

መለሰችው። እንደገና ሰሙት። በዚህኛው ጊዜ ዓይናቸው ስልኩ ላይ ሳይሆን እኔ ላይ ነበር። ሲያልቅ ራሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን በግንባሩ ደፉት።

«ይህች ቃል ያንተ ናት?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ቤቷ ይመታል» አሉ። እያሾፉ አልነበረም፤ ዱሮም ጥሩ ስንኝ ሳነብላቸው እንዲህ ነበር የሚሉኝ።

«ሰው እንዳይጠላው ብለው ነው» አልሁ። «አቀናባሪው… እኔ ነኝ እንጂ፣ እኔ ነኝ የቀየርሁት። ሰውዬውን ሰው እንዳይጠላው ብዬ።»

«እሱ ይህን ለምኖህ ነበር?»

«አልለመነኝም።»

«እህ።»

ልጃቸው ከእኔ ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸው ወደ እኔ ታያለች። «የትኛው ሰውዬ?» አለች። «አባዬ፣ እኔ የተቆጣሁት ስምህን ስላልጻፈ ነው። ነገ አስተካክላለሁ ብሏል፤ ስምህ ይጻፋል።»

አባባ ይህንን ሲሰሙ ነጠላቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው ቀስ ብለው ተነሡ። ልደግፋቸው እጄን ስዘረጋ አልያዙትም፤ አልገፉትምም።

«የዚያን ቀን ነፋስ አልነበረም» አሉ። «ቅጠል አይነቃነቅም ነበር።»

«የቱን ቀን፣ አባዬ?»

በሩ አጠገብ ቆመው ጫማቸውን በእግራቸው ፈለጉ። ወደ እሷ አልዞሩም።

«እሱን ጠይቂው» አሉ። «ያውቀዋል። ከእኔ አሳምሮ ይነግርሻል።»

እሷ ወደ እኔ ዞረች። እሳቸው መቋሚያቸውን ሳይዙ ወጡ፤ በሩንም ከኋላቸው ቀስ አድርገው፣ እስኪገጥም ድረስ ዘጉት።